«ፎርማት ይደረግ!» ከማለት በፊት

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር አልሠራም ያለ እንደ ሆነ ምን እንደሚደረግ አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። በመጀመሪያ ባለቤቱ ቁልፎቹን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዐሥር ጊዜ ይጫናል። ቀጥሎ በመዳፉ ጎኑን መታ መታ ያደርገዋል። ከዚያም ጎረቤቱ ከወንበሩ ተነሥቶ ይመጣና ያንኑ ቁልፍ በተራው ይጫናል፤ ባለቤቱ ሲጫነው ያልሠራው ነገር እርሱ ሲጫነው የሚሠራ ይመስል። በመጨረሻ «ኮምፒዩተር የሚያውቀው ልጅ» ይጠራል። ልጁ ይመጣል፤ ነገር ግን አይቀመጥም። እንደ ቆመ ስክሪኑን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይመለከትና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ፍርዱን ያሰማል፤ «ፎርማት ይደረግ!»

ከዚህ በኋላ ይግባኝ የለም። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅም የለም። ባለቤቱ ሕመምተኛ ለሐኪም እንደሚገዛ ሁሉ ተገዝቶ ኮምፒዩተሩን ያስረክባል።

ፎርማት ማድረግ ማለት በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውስን ከመሠረቱ እንደ ገና መትከል ማለት ነው። ቤት ውስጥ አይጥ ገባች ተብሎ ቤቱን ከነዕቃው አፍርሶ አዲስ ቤት እንደ መሥራት ያለ ነው። አይጧ በርግጥ ትጠፋለች። ዕቃውም አብሮ ይጠፋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ አይጧ መጀመሪያውኑ በቤቱ ውስጥ ያልነበረች እንደ ሆነ ነው።

እኛ ፎርማት ማድረግን የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። ቦታው ላይ ሲውል መልካም መድኃኒት ነው። ዳሩ ግን መድኃኒቱ ከምርመራው በፊት የሚታዘዝ ከሆነ ነገሩ ሕክምና መሆኑ ይቀርና ዕጣ መጣል ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው፣ የታመመ ኮምፒዩተር ሲገጥመን ከፍርድ በፊት ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ነው።

የራሳችን ጥፋት

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ያ ቆሞ የሚፈርደው ልጅ እኛው ራሳችን ነበርን።

ነገሩ የሆነው የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለን ነው። በመኝታ ክፍላችን «ኮምፒዩተር ያውቃል» የምንባለው እኛ ነበርን፤ እውቀታችንም ግማሹ ካየናቸው ቪዲዮዎች፣ ግማሹ ከድፍረታችን የተገኘ ነበር። አንድ ማታ ከጎናችን ባለው አልጋ የሚተኛው ጓደኛችን ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። ሥራ ላይ እንዳለ ስክሪኑ በድንገት ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋል፤ ተነሥቶ ጥቂት ይቆይና ያንኑ ይደግማል። «ምን ይሻለዋል?» አለን። እኛም ያ የሚታወቀው ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ» አልነው።

«ውስጡ ያለውስ?» ሲል ጠየቀ።

«የሚያስፈልግህን በፍላሽ አውጣ» አልነው።

ጓደኛችን የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራው በተወለደበት ገጠር ሽማግሌዎች ሰው የተጣላ እንደ ሆነ እንዴት እንደሚያስታርቁ ነበር። ለዚህም ሲል በክረምቱ ዕረፍት አገሩ ወርዶ የሃያ ሦስት ሽማግሌዎችን ቃል በስልኩ ቀድቶ መጥቷል። ስልኩ ስለ ሞላበት ድምፆቹን ወደ ላፕቶፑ ገልብጦ ከስልኩ ላይ አጥፍቷቸው ነበር። በዚያች ማታ የጽሑፉን ረቂቅ በፍላሽ አወጣ። የድምፆቹን ፎልደር እኛ የምናወጣለት መሰለው፤ እኛም እርሱ ያወጣው መሰለን። ማንም ሳያወጣው ቀረ።

ፎርማቱን ጀመርን። አዲሱን ዊንዶውስ በመትከል ላይ እንዳለን ያ ሰማያዊ ስክሪን ብቅ አለ። እንደ ገና ጀመርን፤ እንደ ገና ብቅ አለ። እንግዲህ አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይል ነበር፤ ገና ያልተተከለ ዊንዶውስ ተበላሽቶ ኮምፒዩተሩን ሊጥል አይችልምና። ሕመሙ «እኔ ሌላ ቦታ ነኝ» እያለ ይጮኽ ነበር። እኛ ግን በሦስተኛው ሙከራ ስላለፈልን ደስ አለን፤ ደስታችንንም ለመግለጥ ዲስኩን በፊልምና በጨዋታ ሞላንለት።

ከሁለት ቀን በኋላ ላፕቶፑ ያንኑ ሕመም ታመመ። አሁን አፍረን ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለች ጠባብ የጥገና ቤት ወሰድነው። ባለቤቱ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ሳይቸኩሉ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። «መቼ ጀመረው? ከዚያ በፊት ወድቆ ነበር? ሲሞቅ ነው ወይስ ገና ሲነሣ?» እያሉ ጠየቁን። ጓደኛችንም ላፕቶፑ ከአውቶቡስ ሲወርድ ከትከሻው ወድቆበት እንደ ነበረ አሁን ገና ትዝ አለው። እርሳቸው ባትሪውን አላቀቁ፤ በካቻቢቴ የሆዱን ክዳን ከፈቱ፤ ሜሞሪ የምትባለውን ከጣት ትንሽ የምትረዝም ሰሌዳ ነቅለው የወርቅ ቀለም ያላቸውን ጥርሶቿን በላጲስ ቀስ ብለው ጠረጉና መልሰው ቀጭ እስክትል ገጠሟት። «ሌሊቱን ይፈተን» ብለው አሳደሩት። በማግሥቱ አንድም ጊዜ ሳይወድቅ አገኘነው። ከቦታዋ በጥቂቱ የተንቀሳቀሰችው ሜሞሪ ነበረች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው፤ ያጠፋችው ሜሞሪዋ፣ የተቀጣው ዲስኩ።

ሂሳባቸውን ተቀብለው ሲያበቁ፣ «ልጆች፣ ውስጡ የነበረውን አውጥታችሁት ነበር?» አሉን። ጓደኛችን ፎልደሩን የፈለገው በዚያች ደቂቃ ነው።

የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አስነሥተን ሁለት ሌሊት ደከምን። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ ተመለሱ። የቀሩት ቦታ ላይ የእኛ ፊልሞች ተጽፈውበት ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በገና ሰሞን ዐርፈው ኖሮ፣ የእርሳቸው ድምፅ ከዘጠኙ መካከል አልተገኘም።

ጓደኛችን አልተቆጣም። ቢቆጣን በወደድን። ከብዙ ዝምታ በኋላ፣ «ሁሉም የነገሩኝ አንድ ነገር ነበር፤ የሁለቱን ወገን ቃል ሳንሰማ አንፈርድም ይሉ ነበር» አለ፤ ከዚያም ተኛ።

ምርመራው እንዴት ይደረጋል?

ከዚያ ወዲህ አንድ ሥርዐት ለራሳችን አወጣን። ጥበብ የለበትም፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል።

አንደኛ፣ ከሁሉ አስቀድመን «በዚህ ውስጥ በገንዘብ የማይገዛ ምን አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ዊንዶውስ ይገኛል፤ ፕሮግራም ይገኛል፤ ዲስኩም ይገዛል። የእናት ፎቶግራፍ፣ ግማሽ ላይ የደረሰ ጽሑፍ፣ የዐሥር ዓመት ደብዳቤ ግን አይገዛም። እርሱ ሳይገለበጥ ካቻቢቴም አይነሣም፣ ቁልፍም አይጫንም። «ኮምፒዩተሩ አልነሣም ካለ እንዴት ልገልብጥ?» የሚል ይኖራል። መንገድ አለው። ኡቡንቱን የመሰሉ የሊኑክስ ሥርዐቶች በፍላሽ ላይ ተጭነው ዲስኩን ሳይነኩ ኮምፒዩተሩን ማስነሣት ይችላሉ፤ በዚያ ገብቶ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ማሻገር ነው። ይህም ባይሆን ዲስኩን ፈትቶ በኬብል ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ይቻላል። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዲስክ ከሆነ ግን የመክፈቻው ቁጥር አስቀድሞ መኖር አለበት።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን አዲስ ነገር ገባ? ወድቋል? ውሃ ነክቶታል? መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው? አብዛኛው መልስ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳይሆን በባለቤቱ አፍ ውስጥ ይገኛል፤ ባለቤቱ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ነገሩ ይጠቅማል ብሎ አያስብምና።

ሦስተኛ፣ ሕመሙ የአካል ነው ወይስ የመንፈስ፣ ይኸውም የዕቃው ነው ወይስ የፕሮግራሙ፣ ብሎ መለየት ነው። ከላይ በተናገርነው በፍላሽ ሊኑክስ ሲነሣ ኮምፒዩተሩ ደኅና ከሠራ፣ ጥርጣሬው በዊንዶውሱ ወይም በዲስኩ ላይ ይወድቃል። በዚያም ጊዜ የሚወድቅ ከሆነ ግን ዊንዶውስን መክሰስ ሐሰት ነው። ዊንዶውስም ራሱ «ሴፍ ሞድ» የሚባል መንገድ አለው፤ በዚህ መንገድ ሲነሣ የግድ የሚያስፈልጉትን ብቻ ይዞ ይነሣል። በሴፍ ሞድ ጤነኛ የሆነ፣ በተለመደው መንገድ የሚታመም ኮምፒዩተር ቢገጥመን ጠላቱ በኋላ የገባ ፕሮግራም ወይም ድራይቨር መሆኑን እንገምታለን። ሜሞሪንም የሚመረምር መሣሪያ በዊንዶውስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዋጋ አይጠየቅበትም። ያን ጊዜ ይህን ብናውቅ ኖሮ!

አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና የለወጥነውን መጻፍ ነው። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ኮምፒዩተሩ ቢድንለት እንኳ በምን እንደ ዳነ አያውቅም፤ ቢብስበትም በምን እንደ ባሰ አያውቅም።

ስለ መጻፍ ከተነሣ አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ «ማርክ ሁለት» የተባለው ግዙፍ ሒሳብ ሠሪ መኪና ስሕተት አሳየ። ሠራተኞቹ ፍርድ ሳይቸኩሉ ክፍል በክፍል ሲመረምሩ፣ በአንዲት የኤሌክትሪክ ማብሪያ መሣሪያ ውስጥ የገባች የእሳት ራት አገኙ። አውጥተውም አልጣሏት፤ በሥራ መዝገባቸው ላይ በፕላስተር ለጥፈው ከጎኗ ምን እንደ ሆነ ጻፉ። ያ መዝገብ ከነእሳት ራቷ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል። ታሪኩን ደጋግመው በመናገር ያሳወቁት በዚያ ይሠሩ የነበሩት የሂሳብ ሊቅ ግሬስ ሆፐር ናቸው። የኮምፒዩተር ጥፋት በእንግሊዝኛ በነፍሳት ስም «በግ» መባሉ ከዚያ ቀድሞም የነበረ የመሐንዲሶች አነጋገር ነው። እኛን የሚያስደንቀን ግን የነፍሳቷ መገኘት ሳይሆን የመዝገቡ መኖር ነው። መዝገብ ባይኖር ኖሮ እሳት ራቷ ተጠርጋ፣ ነገሩም ተረስቶ በቀረ።

አምስተኛ፣ ከቀላሉና መመለስ ከሚቻለው ጀምሮ ወደ ከባዱና መመለስ ወደማይቻለው መሄድ ነው። ኬብል መንቀልና መሰካት ይመለሳል። አዲስ የተጫነን ፕሮግራም ማውጣት ይመለሳል። ፎርማት ግን አይመለስም፤ ስለዚህ ከሰልፉ መጨረሻ ይቁም።

በየቀኑ የሚገጥሙን

በዚህ ዓመት በምንሠራበት አካባቢ የሆነውን እንንገር። ብዙ ዘመን በጽሕፈት ሥራ ያገለገሉ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ይህ ኢንተርኔት ዛሬም አልከፍትም አለኝ፤ አስጊ ነው እያለ ያስፈራራኛል። ልጆቹ ፎርማት ይሁን ብለዋል» አሉን።

«እትዬ፣ መቼ መቼ ነው እንዲህ የሚለው?»

«ጧት ጧት። ልጆቹ መጥተው ሲነካኩት ደግሞ ይሻለዋል።»

«ማታ ሲሄዱ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ? እሳት እንዳያስነሣ ዲቫይደሩን አጥፍቼ እሄዳለሁ።»

የስክሪኑን ጥግ ብናይ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሷል። ነገሩ ግልጥ ሆነ። በየኮምፒዩተሩ ማዘርቦርድ ላይ ሳንቲም የምታህል፣ በብዙዎቹ ላይ «ሲ አር 2032» የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ አለች። ሥራዋ ኮምፒዩተሩ ከመብራት ሲለይ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። እርሷ ስትሞት ኮምፒዩተሩ መብራት በተቋረጠ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። በኢንተርኔት ላይ ያሉ ገጾች ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚያገለግል የመታወቂያ ወረቀት አላቸው፤ ቀኑን የረሳ ኮምፒዩተር የሁሉንም ወረቀት «ጊዜው አይደለም» እያለ ይመልሳል። ባትሪዋ ተለወጠች፤ ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። የእትዬ የዐሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ በቦታቸው አሉ።

ሌላው የታወቀ ሕመም የፍላሽ ነው። ተማሪዎቻችን ፍላሻቸውን ከአንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ሰክተው ሲመለሱ ፋይሎቻቸው ሁሉ ጠፍተው «ሾርትከት» ብቻ ያገኛሉ። ወዲያው «ፎርማት» ይባላል። ነገር ግን በአብዛኛው ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ሸሽጓቸው በስማቸው የሐሰት በር አቁሟል። በሩን የነካ ሰው ፋይሉን ቢያገኝም ቫይረሱን አብሮ ያስገባል። ስለዚህ በሩን ሳይነኩ በመጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ማስመርመር፣ ቀጥሎም በዊንዶውስ የፎልደር አቀማመጥ ውስጥ የተሸሸጉና የሥርዐቱ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ነው። ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ብቅ ሲሉ ወደ ንጹሕ ቦታ ይገለበጣሉ። ፍላሹ ከዚህ በኋላ ፎርማት ቢደረግ ማንም አያዝንበትም።

ሦስተኛው የሙቀት ሕመም ነው። ኮምፒዩተሩ ጧት ፈጣን፣ ከሰዓት በኋላ ቀርፋፋ ከሆነና ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ከጮኸ፣ ዊንዶውሱን ሳይሆን አቧራውን መጠርጠር ይገባል። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ካልበረደላቸውም ይጠፋሉ። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ሙቀትን የማንሣት አቅሙ ያንሳል፤ ስለዚህ አቧራ የደፈነው ማራገቢያ ለእኛ አገር ይልቁንም ይጎዳል። በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ ላፕቶፕን በአልጋ ልብስ ላይ አስቀምጦ አለመሥራት፣ ዓመታት ካለፉትም በፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን የደረቀ ቅባት ማስለወጥ መድኃኒቱ ነው።

አራተኛው የራሳችን ፊደል ነገር ነው። አንድ ወጣት ሹም የቀድሞ ሰነድ ሲከፍት በአማርኛ ፈንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ተሰልፎ ያገኛል። «ፋይሉ ተበላሽቷል፤ እንደ ገና ይጻፍ» ይባላል። ይሁን እንጂ ፋይሉ ጤነኛ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የእኛን ፊደላት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በየራሳቸው ሥርዐት ያስቀምጡ ነበር። የተጻፈበት ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ከሥሩ ያለው ላቲን ይታያል። ፎንቱን ፈልጎ መጫን፣ ቀጥሎም በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማሻገር ነው። ማንነቱ ሳይጠየቅ እብድ ነው ተብሎ የተባረረ ሰነድ ስንት ይሆን!

ስለ ማፋጠን

ወጣቶቻችን ከመጠገን ይልቅ ማፋጠን ይወዳሉ። አንዱ ቪዲዮ ያይና በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን አገልግሎት ሁሉ ያጠፋል፤ ሌላው «ኮምፒዩተርዎን በአንድ ጊዜ መቶ እጥፍ ያፋጥናል» የሚል ፕሮግራም ይጭንና ማስታወቂያ የሚዘንብበት ሰው ይሆናል። እኛ የምንመክረው ከዚህ ያነሰ ነው። መጀመሪያ «ታስክ ማናጀር» የሚባለውን ከፍቶ የትኛው እንደ ደከመ ማየት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ነው፣ ሜሞሪው ነው፣ ወይስ ዲስኩ? ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የሚነሡትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች በዚያው ማስቀረት ይቻላል።

ዲስኩ ሁልጊዜ መቶ በመቶ ተጨናንቆ የሚታይ ከሆነና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ መልሱ ተገኝቷል። የሚሽከረከር ዲስክ አንድን ነገር ለመፈለግ የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ይወስዳል፤ የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስ ኤስ ዲ ግን የሰከንድ አንድ ዐሥር ሺኛ ያህል ይበቃዋል። አሮጌ ላፕቶፕ ዲስኩ በኤስ ኤስ ዲ ሲለወጥለት እንደ ወጣት ይነሣል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ «ቲ ፒ ኤም 2.0» የሚባል የጥበቃ ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ ደኅና ኮምፒዩተሮች «ሞተዋል፤ ይጣሉ» ተብሎ ተፈርዶባቸዋል። ይህም ያው የተቻኮለ ፍርድ ነው። ከማስወገድ በፊት ቲ ፒ ኤሙ በኮምፒዩተሩ መነሻ ሥርዐት ውስጥ ተዘግቶ እንደ ሆነ ማየት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ አለ፣ ግን ተዘግቷል። ፕሮሰሰሩ የማይበቃ ከሆነም ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ሥራ ሊኑክስ ያገለግላል።

እጅ የማይገባበት

ድፍረት ልክ አለው። ሆዱ ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅም አይደረግም፤ እሳት ያስነሣል። የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ፓወር ሳፕላይ ሣጥን ከመብራት ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ ኤሌክትሪክ ያስቀራልና አይከፈትም። ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ የሰማ ሰው «አንድ ጊዜ ልሞክር» ሳይል ወዲያው ያጥፋው፤ እያንዳንዱ ሙከራ የቀረውን ሊያጠፋ ይችላል። ፋይል በስሕተት የጠፋበትም ሰው በዚያ ዲስክ ላይ ምንም ሳይጽፍ ወደ ዐዋቂ ይሂድ። ፊልም አይሙላበት። ይህን የምንለው ዋጋውን የሌላ ሰው ከፍሎልን ስለ ተማርነው ነው።

ጓደኛችን በዘጠኙ ድምፆች ጽሑፉን ጨርሶ ተመረቀ። ዛሬ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ኮምፒዩተር ሲበላሽበትም የሚደውለው ለእኛው ነው። ባለፈው ወር ደውሎ ሕመሙን ከነገረን በኋላ፣ «እንግዲህ ምን ትፈርዳለህ?» አለን። «ገና ምንም አልፈርድም፤ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ስንለው በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማነው።

ዛሬ እሑድ ነው። አንባቢዎቻችን ኮምፒዩተራችሁ ዛሬ ጤነኛ ከሆነ የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው። በገንዘብ የማይገዛውን አንድ ፎልደር መርጣችሁ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ ገልብጣችሁም ስታበቁ ቅጂው መከፈቱን እዩ። ነገ ሰኞ «ኮምፒዩተር የሚያውቀው ልጅ» ቢጠራ፣ ያ ልጅ እናንተ ብትሆኑም፣ በመጀመሪያ ወንበር ይሳብለት።